ቤቴን ላቆመልኝ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ተቀምጦ መሬት በሚሄድበት አገር፣ እማዋይሽ የምትባል አንዲት ባልቴት ነበረች።

አገሩ ዋልካ ሜዳ ይባላል። መሬት ይሄዳል ሲባል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ደርቆ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። በዋልካ ሜዳ ጫጩት ጠፋ ሲባል ጭልፊት አይጠረጠርም፤ መጀመሪያ የሚታየው ስንጥቁ ነው። ቤት ታዲያ ምስኪኑ በዚህ መሬት ጀርባ ላይ ተቀምጦ፣ ሶምሶማ በምትረግጥ በቅሎ ላይ እንደወጣ ሽማግሌ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ይኖራል።

እማዋይሽ ያላት ሀብት ያው አንድ ቤት ነበር። ባሏ በጉብዝናው ወራት ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የሠራው፣ አንድ ሰፊ ክፍል፣ መሐሉ ላይ አንድ ምሰሶ፣ ላዩ ቆርቆሮ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ባሏም ወዳጇም ሆነ። ከገበያ ስትመለስ ሰው ሰላም ከማለቷ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እሷም እንዲያው ነበረች፤ ነፋስ ሲነሳ ትነሳለች፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ታጉረመርማለች።

መከራውን ያመጣችበት ግን ራሷ ናት፤ ያውም በፍቅር ብዛት። አንድ በጋ ጎረቤቷ ቤቱን በሲሚንቶ ሲያስለስን አየችና ልቧ ተነሳ። «የእኔ ቤት ከማን ያንሳል?» አለች። ጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ አስመታች፣ በሽቦው ላይ ሲሚንቶ አስለሰነች፣ በሲሚንቶው ላይ ሮዝ ቀለም አስቀባች። አቤት ማማሩ! አላፊ አግዳሚው «ቪላ መሰለ እኮ!» ይላል፤ እሷም ደጃፏ ላይ ቆማ «ኧረ ምን ቪላ፣ ያው ጎጆ ናት» እያለች በደስታ ትሞታለች።

ነገር ግን ሲሚንቶ ለጭቃ ቤት የላስቲክ ካፖርት ማለት ነው። ከላይ ያምራል፣ ከውስጥ ያልባል። ጭቃው ከመሬት የሚጠጣውን እርጥበት ማስተንፈሻ አጣ። እንጨቱ በእርጥበቱ ራሰ፣ ለሰለሰ። ምስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ድግስ ሲኖር ሳይጠሩት ይመጣል።

መጀመሪያ የታመመው በሩ ነበር፤ ወይም እንዲያ መሰላት። ሐምሌ ሲገባ በሩ አልዘጋ አለ። እማዋይሽ አናጢ ልጇን ሽፈራውን ጠራችው።

«እማዬ፣ በሩ አብጧል» አለና ላገውን፣ ያንን የአናጢ መላጊያውን፣ አውጥቶ ላገው።

በጋ ሲመጣ የተላገው በር ጠበበና የጎረቤት ድመት ሳትጎነበስ የምትገባበት ክፍተት ተወ። በዓመቱ ሐምሌ እንደገና አልዘጋ አለ፤ እንደገና ተላገ። በሩ እንደ ሳሙና እያለቀ ሄደ። የታመመው በሩ ሳይሆን ቤቱ ራሱ መሆኑን፣ ቤቱ ተጣሞ በሩን እየነከሰው መሆኑን ግን እናትም ልጅም አላሰቡትም።

ቀጥሎ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣራው የሚወጣ ስንጥቅ ታየ። እማዋይሽ ካላንደር ሰቀለችበት። ስንጥቁ ከካላንደሩ በላይ ብቅ አለ። ካላንደሩን ከፍ አደረገችው። ስንጥቁ ከታች ብቅ አለ። ሁለተኛ ካላንደር ጨመረች።

«እትዬ እማዋይሽ፣ ይሄኛው እኮ ያምናው ነው» አላት አንድ እንግዳ።

«አምና ምን አደረገህ? ለትዝታ ነው የሰቀልኩት!»

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የሚባል ነገር ቀረ። ወጥ እያማሰለች ትነሳና ካላንደሩን ገለጥ አድርጋ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ትከታለች። ትመለሳለች። ደግሞ ትሄዳለች። ወጡ ያርራል።

ነገሩን ቀድማ የነቃችበት ምራቷ ጥሩዬ ናት። ጥሩዬ የሞተው የእማዋይሽ የበኩር ልጅ ሚስት ነበረች፤ ከግቢው በታች በኩል ባለች ደሳሳ ጎጆ ትኖራለች፣ በጎጆዋ ጎን ባለች ቁራሽ መሬት ጎመንና ቃሪያ አብቅላ እየሸጠች ታድራለች። አማትና ምራት ታዲያ፣ ተባረኪ ሲባባሉ እንኳ የሚሰማቸው ሰው ሊገላግል ይነሳል።

«እማማ፣ ውሃው ነው» አለች ጥሩዬ። «ጣራዎ አሸንዳ የለው፣ የጣራው ውሃ ሁሉ የሚንዠቀዠቀው ከግድግዳው እግር ሥር ነው። የላዩ መንገድ ጎርፍም መጥቶ እዚሁ ይተኛል። ቦይ ቆፍረን እናውጣው።»

«ውሃ? እኔ ኖኅ ነኝ? ሲሚንቶ የለበሰ ቤት በውሃ ሲወድቅ የት አይተሻል?»

«ሲሚንቶ ያለበሱት ግድግዳውን ነው እንጂ፣ መሬቱን አላለበሱትም።»

«ምላስሽን ሰብስቢ!»

ጥሩዬ ምላሷን ሰበሰበች፤ አካፋዋን ግን አነሳች። ከቤቱ ጀርባ ቦይ መቆፈር ጀመረች። ዳሩ ምን ይሆናል፣ የሚካኤልን ማኅበር የምትደግሰው በዚያ ወር እማዋይሽ ነበረች። «እንግዳ ሊመጣ ግቢዬን መቃብር ታስመስይብኛለሽ?» ብላ ቦዩን መልሳ ደፈነችው። በእግሯ ረግጣ፣ በመጥረጊያ አስተካክላ።

የማኅበሩ ዕለት ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ይወርዳል። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ጠላው ተቀድቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፤ የማኅበሩ ሙሴ፣ ጽዋውን የሚመራው አቶ ድንበሩ፣ ዋንጫውን ይዞ ሊመርቅ ተነሳ።

«ይህን ቤት» አለ አቶ ድንበሩ፣ «ይህን ቤት ሚካኤል ያጽናው!»

«አሜን!» አለ ሰው።

«ጯ!» አለ ቤቱ።

ማንም ማንንም አልጠበቀ። ከሁሉ ቀድመው የወጡት ቄሱ ናቸው። አቶ ድንበሩ ከጠላው አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፤ ጫማውን ግን ጥሎ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ዞር ሲል የጀርባው ግድግዳ ወደ ውጭ ተንጋዷል፣ ጣራውም ተከትሎት ዘመም ብሏል። ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ በአንድ ሲንኳኳ ይሰማል።

እማዋይሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ፈታች፣ ደግሞ አሰረች። ወደ ቤቱ ልትገባ ሮጠች፣ ያዟት። ከያዟት እጅ አመለጠች፣ ደግመው ያዟት። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ሰቅላ ጮኸች፤

«ሰው የለም ወይ? ያገር ሰው የለም ወይ? በሚካኤል ስም! ይህን ቤት ላቆመልኝ ሰው ቤቱ የእሱ ነው! እኔ ጥጉ ይበቃኛል፣ ቤቱ የእሱ ነው! ሚካኤል ይስማ፣ እናንተም ስሙ!»

ማኅበርተኛው በሙሉ ሰማ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተሯሩጦ የሚመልሰው የለም።

ሽፈራው እናቱ ጮኻ እስክትጨርስ አልጠበቀም። ይህ ልጅ ሚስት አጭቷል፤ አማቱ ግን «ቤት ሳትሠራ ልጄን እንዳታስባት» ስላሉት፣ በተከራየበት ግቢ የባሕር ዛፍ እንጨት ሲያከማች ነው የኖረው። ረጃጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ ለቋሚ የተመረጠ። «ወንድ የሆነ ይከተለኝ!» ብሎ ሮጠ፤ ጎረምሶቹ ያንን እንጨት በትከሻ በትከሻ ይዘውት መጡ። ሽፈራው መጥረቢያውን አንስቶ የሠርጉን ቤት እንጨት በየልኩ እየቆረጠ ባላ አደረገው። ጣራው ሥር ገብቶ፣ ቆርቆሮው ከራሱ በላይ እየተንቋቋ፣ አንዱን ባላ ከግድግዳው፣ አንዱን ከጣራው ወራጅ ሥር ሸጎረ። «ሽፈራው ውጣ!» ይላል ሰው። «ትንሽ ቀረኝ!» ይላል እሱ። ሲወጣ ቤቱ ሠርግ አምሽቶ በጓደኞቹ ትከሻ እንደሚመለስ ሰካራም፣ ዘመም እንዳለ ቆሟል። ለቋሚ የታሰበ እንጨት አንዴ ካጠረ ግን መልሶ አይረዝምም።

እማዋይሽ ልጇን ጭቃውን እንደለበሰ አቀፈችው። «ልጄ! አቆምክልኝ! ቤቴን አቆምክልኝ!»

ሽፈራው ሰማ። ያቺን ቃል ልቡ ውስጥ አስቀመጣት።

ዝናቡ ግን መቼ አባራ። በማግሥቱ እማዋይሽ ቤቱን ስትዞር፣ ደረቷ ድረስ ይደርስ የነበረው የባላ ቋጠሮ ወገቧ ጋ ወርዷል። ባላዎቹ እየሰመጡ ነው። ሽፈራው ከሥራቸው ድንጋይ ጎሰጎሰ፤ ድንጋዩም ሰመጠ። ዋልካው ራሱ ገንፎ ሆኗል። ካላንደሩ ሥር ስንጥቁ አንድ ጣት የነበረው ሁለት ጣት አስገባ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር እየሄደ ነው» ትላለች እማዋይሽ፤ ትዞራለች፣ ትለካለች፣ ትዞራለች።

ያኔ ጥሩዬ አካፋዋን ደግማ አነሳች። በዚህ ጊዜ የሚደፍን አልነበረም። ከቤቱ ጀርባ በጥልቁ ቆፈረች፤ የላዩን መንገድ ጎርፍ ገና ከአጥሩ ጠለፈችው። ነገር ግን ውሃ ከተነሳ መውረጃ ይፈልጋል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ያለው በእሷ ጓሮ በኩል ብቻ ነው።

«ጎመንሽስ?» አለች እማዋይሽ።

«ጎመን ይበቅላል፣ እማማ።»

«ጎጆሽስ? ከሥሩ እኮ ነው የሚያልፈው!»

ጥሩዬ አካፋውን መሬት ውስጥ በእግሯ ገፋችው። ውሃው ቦዩን አገኘና እያጓራ ወረደ። ጎመኑን ይዞት ሄደ። ሰንበት ብሎም ጎጆዋን ከእግሯ ፈነቀላትና በአንድ ጎኗ አስተኛት። ጥሩዬ ምንጣፏንና ድስቷን ይዛ አማቷ ቤት ጥግ ገባች። የትልቁ ቤት መሬት ግን ጠጠር ማለት ጀመረ። ባላዎቹ መስመጥ ተዉ። እማዋይሽ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ብትከት፣ ትናንት የገባበት ድረስ ገብቶ ቀረ። ደግማ ከተተች። ያው ነው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! አቆምሽልኝ እኮ! አቆምሽልኝ!» ብላ፣ ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ምራቷን ጉንጯን ሳመቻት።

ጥሩዬም ሰማች። እሷም አስቀመጠቻት።

ወሬው ባይሳ ጋ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ባይሳ የእማዋይሽ የጡት ልጅ ነው። በልጅነቱ ዘመድ አልባ ሆኖ ዋልካ ሜዳ ሲደርስ፣ ጡቷን ማር ቀብታ አጥብታ፣ በሽማግሌ ፊት ልጄ ነው ብላዋለች። ዛሬ ግንበኛ ነው፤ ሚስትና ሕፃን አለው። ሌላ ቀበሌ ሥራ ላይ ሰንብቶ መጣና ግድግዳውን በመዶሻው ጫፍ ቆረቆረ። ድው፣ ድው።

«እናቴ፣ ይሄ ግድግዳ የለም» አለ።

«እንዴት የለም? ሮዙ ያውልህ!»

«ሮዙ አለ። የሌለው ግድግዳው ነው።»

ሲሚንቶውን ሲፈነቅለው ውስጡን ለቄስ ሆኗል። ጭቃው ዱቄት፣ ማገሩ የምስጥ መንገድ፣ ቋሚው ከታች ተበልቶ እንደ ጥርስ ማፋቂያ የሾለ። ቤቱን የተሸከመው የሽፈራው ባላ ብቻ ነበር፤ ባላ ደግሞ ለዘላለም አይሸከምም። ባይሳ በግድግዳው ሥር ጥቁሩን አፈር ጠንካራው መሬት እስኪደርስ አወጣው፣ በቦታው ገረጋንቲ ሞልቶ ደለደለ። ቀጥሎ ለመሠረቱ ድንጋይ ያስፈልጋል። ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። ባይሳ ግን ድንጋይ የት እንዳለ ያውቃል፤ ለሚስቱና ለልጁ እየሠራው ያለ፣ ግንቡ ወገብ የደረሰ ቤት ነበረው። ሄዶ አፈረሰው። በአህያ ጭኖ አመጣው። የጥርብ ድንጋይ መሠረት ጣለ፤ የተበላውን ቋሚ አንድ በአንድ እያወጣ አዲስ ተከለ፣ ማገሩን መታ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር የሰነበተ ጭቃ መረገበት። ሮዝ የለም፣ ሲሚንቶም የለም። በቱምቢ ለካው፤ ቀጥ! ባላዎቹን አንድ በአንድ አነሳ። ቤቱ ንቅንቅ አላለም። በሩን በአንዲት ጣት ገፋው፤ ተዘጋ። እርግጥ ስንት ጊዜ የተላገ ነውና በጎኑ ፀሐይ ያስገባል።

«ባይሳ!» አለች እማዋይሽ እልል ብላ። «ቤቴን አቆምክልኝ!»

እሱም ሰማ።

መስከረም ጠባ፣ መሬቱ ረጋ፣ ማኅበሩ ተሰበሰበ። «እንግዲህ የስለትሽ ቀን ነው» አለ አቶ ድንበሩ። «ቤቱን ያቆመልሽ ሰው ይነሳ።»

ሽፈራው ተነሳ። ጥሩዬም ተነሳች። ባይሳም ተነሳ።

እማዋይሽ ሦስቱንም አየች። ያን ጊዜ ነው ገና ምን እንዳለች የገባት። ለመደገፍም ማቆም ነው የሚባለው፤ የሚሄደውን ለመግታትም ማቆም ነው፤ ከመሬት አንስቶ ለመትከልም ማቆም ነው። አንዲት ቃል ለሦስት ሰው ሰጥታ፣ ሦስቱንም አመስግናባታለች።

«ቤቱ ሊወድቅ ሲል የት ነበራችሁ?» አለ ሽፈራው። «ጣራው ሥር የገባሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ባላቆመው፣ አንቺ ቦይ የምታወጪለት፣ አንተም መሠረት የምትጥልለት ቤት አይኖርም ነበር። የፍርስራሽ ክምር ነበር የምትጠብቁት።»

«ባላህ ሲሰምጥስ አንተ የት ነበርክ?» አለች ጥሩዬ። «ሲሰምጥ እያየህ ድንጋይ ታቀብለው ነበር። ቤቱ እየሄደ ነበር፤ መሄዱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ውሃው ባይቆም ኖሮ የባይሳ ድንጋይ ዛሬ የት ነው? ከባላህ ጋር ታች ቤት!»

ባይሳ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «እኔ ብዙ አልናገርም። አቆመ የሚባለው ሰው እጁን ሲያነሳ ነገሩ የቆመ እንደሆነ ነው። ባላው ተነስቷል፣ ቦዩም ደርቋል። ቤቱ ቆሟል።»

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል! ማኅበርተኛው ጠላውን ረስቶ ተነሳ።

«ልጅ ለእናቱ ቤት መድረሱ ግዴታው ነው፤ ምን ሽልማት ያሻዋል?» አለች አንዷ።

«ነፍሱን ሊያጣ ነበር እኮ! ግዴታ ጣራ ሥር ያስገባል?» አላት ባሏ።

«ጥሩዬ ቦዩን የጀመረችው ስለቱ ሳይሳል ነው፤ ስለዚህ ለስለቱ አልሠራችም» አለ አንድ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ።

«እንግዲያው ምንም ሳይነገራት የጀመረች አትበልጥም?» አለች ጎረቤቱ። «ይልቅ የደፈነችውን ጠይቁ!» እማዋይሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«የባይሳ ደግሞ ሌላ ቤት ነው» አለ አቶ ድንበሩ። «ስለቱ ይህን ቤት ነው የሚለው። ይህ ቤትማ ሞቶ ነበር፤ ባይሳ ሬሳውን አውጥቶ አዲስ አስገባ።»

«ምሰሶው የድሮው፣ ጣራው የድሮው!» አለ ባይሳ። «አቶ ድንበሩ፣ እርስዎ ባለፈው ጥርስ አስተከሉ። ሌላ ሰው ሆኑ?»

ሰው በሳቅ ወደቀ። ነገሩ ግን አልተፈታም።

«ለሦስት ይካፈሉት» ያለም ነበር። ክፍሉ አንድ፣ ምሰሶው አንድ፤ ምሰሶ ለሦስት ከተሰነጠቀ ምሰሶ ነው ወይስ ማገዶ? «አብረው ይኑሩበት» ያለም ነበር። የሽፈራው አማት ከወዲያ ሆነው «ልጄን ሁለት አባወራ ያለበት ቤት አላስገባም» አሉ። የባይሳ ሚስት ልጇን አዝላ ወንድሟ ቤት ተጠግታ ነው ያለችው፤ «ጥገኝነት እዚህም እዚያም ያው ነው» አለች። ጥሩዬ በእጇ ወደ ደጃፉ አመለከተች፤ የፈረሰችው ጎጆዋ ጣራ ከዚያ ይታያል። እማዋይሽን ማን ይጡራት ሲባል ሦስቱም በአንድ አፍ «እኔ!» አሉ፤ ይህም አልለያቸውም።

እማዋይሽ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባቴ፣ ቃሌን ባነሳውስ?»

«በሚካኤል ስም የወጣ ስለት አይነሳም፣ አይሸራረፍም» አሉ ቄሱ። «ላቆመልኝ ሰው ብለሻል፤ አንድ ሰው ነው ያልሽው። ይልቅ አንቺው ንገሪን፣ ልጄ። ያን ቀን ላቆመልኝ ስትዪ በልብሽ ምን ነበር? የሚደግፍልኝ ነው? የሚገታልኝ ነው? የሚተክልልኝ ነው?»

እማዋይሽ ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡን አየችው፣ ግድግዳው ሲንጋደድ አየችው፤ በልቧ የነበረውን ግን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

«እኔ እንጃ!» አለች። «እኔ እንጃ፣ አባቴ! ቤት ሲወድቅ ሰው ያስባል እንዴ? ጮህኩ እንጂ!»

ሽፈራው እናቱን ያያል፤ የተቆራረጠው የሠርጉ ቤት እንጨት ከአጥሩ ጥግ ተከምሯል። ጥሩዬ አማቷን ታያለች፤ ጓሮዋ ባዶ ቦይ ነው። ባይሳ እናቱን ያያል፤ የልጁ ቤት ድንጋይ እዚህ ግድግዳ ሥር ተቀብሯል። እያንዳንዳቸው ቤታቸውን አፍርሰው ነው ይህን ያቆሙት። ለአንዱ ስትሰጥ ሁለቱን ደጅ ታወጣለች፤ ለማንም ካልሰጠች ሚካኤልን ታስቀይማለች፤ አንድ ቃል ስትናገር ወይ ልጇን፣ ወይ ምራቷን፣ ወይ የጡት ልጇን ታጣለች። ተነሳች። ተቀመጠች። ደግሞ ተነሳች፤ ማኅበርተኛው በሙሉ አፏን ያያል።

አሁን እናንተ የሰማችሁ ሁሉ፣ አትሳቁ፣ ፍረዱ። ያን ሊወድቅ የነበረውን ቤት ያቆመው ማን ነው? የደገፈው ነው፣ የሚያስኬደውን የገታችው ናት፣ ወይስ መልሶ የተከለው? እማዋይሽ ቆማለች፣ ሦስቱም ቆመዋል፤ ቤቱ ለማን ይገባል?